በሚካኤል ቀን ብየዳ ያዘዘው ኮምፒውተር

ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው ስላገለገልሁበት ዘመን ያመሰግነኛል። ሁለተኛው «የምርት ፕሮግራም አውጪ» የሚባል የሥራ መደብ በአዲሱ መዋቅር እንደሌለ፣ በድሮውም መዋቅር ቢፈለግ ቢፈለግ እንዳልተገኘ ያስረዳኛል። ሦስተኛው በወሩ ሃያ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቢሮ ቀርቤ ንብረት እንዳስረክብ ያዛል። አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁትና ለባለቤቴ «እንኳን ደስ አለሽ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሌለ ሰው ጋር ነው የኖርሽው» አልኋት።

«ለካ ለዚህ ነው ቤት ውስጥ ሥራ ስትሠራ አይቼህ የማላውቀው» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ላለቅስ አይደለም። መደቡ ነበረ ልል ነው። መብራት እንደ ፈለገው በሚሄድበት፣ መንገድ በክረምት በሚቆረጥበት፣ የጣውላ መኪና ሰኞ ይመጣል ተብሎ በሳምንቱ ዓርብ በሚደርስበት በሰቆጣ፣ አርባ ሠራተኛ ጠዋት ገብቶ ዛሬ ምን ልሥራ ብሎ ሳይጠይቅ ሥራውን እንዲጀምር ያደረገ መደብ ነበረ። ያላመነ ካለ ይምጣ፤ ሽቦውን አሳየዋለሁ።

የተወለድሁት ጋዝጊብላ ነው። አናጺነት የጀመርሁት ግን አምደወርቅ ነው፤ እዚያ የወረዳው ቢሮ ሲሠራ ረዳት ነበርሁ። የሠራኋት የመጀመሪያዋ በር እስከ ዛሬ ትወሳለች። ስትዘጋ ትከፈታለች፣ ስትከፈት ትወድቃለች። ሁለተኛ በር እንድሠራ የፈቀደልኝ ስላልነበረ ሰቆጣ ወዳለው የእንጨትና የብረታ ብረት ወርክሾፕ ተዛወርሁ። ለዝውውሩ በደመወዜ ላይ የተጨመረ ነገር ቢኖር የመንገዱ አቧራ ነው።

የወርክሾፑ ፎርማን አያ ኪሮስ ይባሉ ነበር። የቄስ ልጅ ናቸው። ራሳቸውም ድቁና ተቀብለው፣ ባሕረ ሐሳብ ተምረው፣ ኋላ መጋዝ ማርኳቸው የቀሩ ሰው። ቁመታቸው የትየለሌ ነው፤ ጣራ ሲያፈስ መሰላል አያስፈልጋቸውም ነበር ብል ትንሽ ነው ያጋነንሁት። ሲናደዱ ከአማርኛ ወደ ኽምጣንጋ ይሻገራሉ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ አለነ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸውና ምርቃት እየመሰላቸው «አሜን» ይሉ ነበር። እኛ የምንሰማው ግን ሳቃችንን ለመደበቅ መጋዝ እናስነሳለን።

አያ ኪሮስ ሁለት ሳምንት አይተውኝ ጠሩኝ።

«ሞላ፣ እጅህ እንጨት ይጠላል።»

«አውቃለሁ አያ።»

«ዓይንህ ግን ወረፋ ያያል። ትናንት መላጊያው ማሽን ሥራ ፈቶ ቆሞ ሳለ ሰዉ መጋዙ ጋ ተሰልፎ ሲጠብቅ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ና እዚህ ተቀመጥ።»

የምርት ፕሮግራም አውጪ ሆኜ የተቀመጥሁት ከአንድ ግድግዳ ሥር ነው። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ምስማር ተመቶበታል። በየምስማሩ ላይ ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ በየሽቦው ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጡ ቁራጮች ተሰክተዋል። አንዱ ቁራጭ አንድ ሥራ ነው። «የጤና ጣቢያ በር፣ መላግ»፤ «የዴስክ እግር፣ ብየዳ»፤ እየተባለ በምስማር ተጭሮበታል። አንዱን ሽቦ ከላይ ወደ ታች ስታነበው የሁለት ሳምንት የሥራ ቅደም ተከተል ነው። የማያውቅ ሰው ሲያየው የመነኩሴ መቁጠሪያ ይመስለዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አያ ኪሮስ ሽቦዎቹን ይዳኛሉ። ሥራ ያጓተተው ይፈታል፤ ቆርቆሮው ወደ ጣሳ ይመለሳል። ሥራ ያቀለለው ምስማሩ ላይ ይቆያል። ከቆዩት መካከል ሁለቱን ያወርዱና የአንዱን ራስ ከሌላው ጅራት ይቀጥላሉ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሽቦ ስትቀጥል አንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ ይገባል፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀጥል አንድ ጤና ጣቢያ በር በበር ሆኖ መስኮት አጣ። አያ ኪሮስ ግን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየዳሰሱ የተደገመውን ያወጣሉ፤ የጎደለውን በድሮው ሽቦ ላይ በነበረው ወረፋ ያስገቡታል። መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ቁራጮችን ቦታ ያለዋውጣሉ።

«መጨረሻ ላይ ማበላሸት ለምን አስፈለገ?» አልኋቸው።

«የማውቀውን ብቻ ስደጋግም ልሙት እንዴ?» አሉኝ።

አዲሱ ሽቦ ግን ወዲያው ሥራ አይጀምርም፤ ይፈተናል። ቆባቸውን አውልቀው ጠጠር ይሞሉበታል። ጥቁሩ መብራት ጠፋ ነው፤ ቀዩ የጣውላ መኪና ቀረ ነው፤ ነጩ ሰላም ነው። ለየቀኑ አንዳንድ ጠጠር እያወጡ በሽቦው ላይ ይወርዳሉ። ጥቁር ሲወጣ ብየዳው ይቆማል፣ የእጅ ሥራ ይቀጥላል። ቀይ ሲወጣ የተረፈ ጣውላ አለ ወይ ይባላል። ቆቡን አሥር ጊዜ ሞልተው አሥር ጊዜ ያፈሱበታል። በሰላሙ ጊዜ የሚፈጥን፣ በክፉው ጊዜ ግን የሚወድቅ ሽቦ አይወዱም። «ይኼ ለሰቆጣ አልተወለደም» ብለው ይፈቱታል።

አንድ ነገር ቀረኝ። በየሽቦው ላይ ምንም ያልተጻፈባቸው ባዶ ቆርቆሮዎች አሉ። እነሱ የበዓል ቀኖች ናቸው፤ አምስት አቦ፣ ሰባት ሥላሴ፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሌሎቹም። በነዚህ ቀኖች ሠራተኛው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ግቢ ይጠርጋል፣ ዕቃ ይደረድራል። እሳት ግን አይለኮስም፣ ማሽን አይነሳም። በመንግሥት ካሌንደር ደግሞ ቀኖቹ የሥራ ቀን ናቸው። የቀን ምርት መዝገቡን የምሞላው እኔ ነኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ቢያውቅ ሰዉን ሁሉ ይቀጣል ብዬ፣ በየበዓሉ «ሙሉ ቀን ተሠርቷል» እያልሁ እጽፍ ነበር። የበዓሉን ሥራ በሌላው ቀን ስለምናካክሰው የጎደለበት ሰው አልነበረም። እንዲያውም እንደ ጀግንነት ነበር የምቆጥረው። ይህችን ውሸት ያዙልኝ፤ ኋላ ትነክሰኛለች።

አሥር ዓመት እንዲህ ሠራን። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ።

ኮምፒውተሩ በጭነት መኪና፣ ኢንጂነሯ በሚኒባስ ደረሱ። ኢንጂነር ትርሐስ ትባላለች። የመቀሌ ልጅ ናት፣ ሳቂታ፣ ፈጣን፤ የተላከችውም የምርት ዕቅዳችንን «ዘመናዊ እንድታደርግ» ነበር። እኔ ሽቦዎቹን አይታ ትስቃለች ብዬ የመልስ ስድብ አዘጋጅቼ ጠበቅኋት። ግድግዳው ፊት ቆመች። ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አቦይ ኪሮስ፣ ይኼን ማን አስተማረዎት?»

«ምን አጠፋን?» አሏት።

«ኧረ ምንም! እኔ እኮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው። የዝግመተ ለውጥ ስልት ይባላል።»

አያ ኪሮስ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። «ያ ሰው ከጦጣ መጣ የሚሉት?»

«ሰው አይነካም አቦይ። የሥራ ፕሮግራም ነው የሚያራባው። ብዙ ፕሮግራም ይዘው ይነሳሉ፣ ደካማውን ይጥላሉ፣ ጠንካራዎቹን ያዳቅላሉ፣ ትንሽ ይቀያይራሉ፣ እንደገና ይመርጣሉ።»

አያ ኪሮስ አሰቡበት። «እንዲህ ከሆነማ አባቴም ከአውድማ የገብስ ዘር ሲመርጡ ይኸንኑ ነበር የሚያደርጉት። ቄስ ነበሩ፤ ማንም አላወገዛቸውም። ቀጥይ ልጄ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ተጣብቀው ዋሉ። እሷ ጽፋ እሳቸው ያርማሉ፤ እሳቸው ጠይቀው እሷ ታስረዳለች። ኮምፒውተሩ ሁለት መቶ ሽቦ ባንድ ጊዜ ሆዱ ውስጥ ይይዛል፤ አያ ኪሮስ በዓመት የሚያዳቅሉትን በአንድ የምሳ ሰዓት ያዳቅላል። ችግሩ፣ ወፍጮ ቤቶቹ ሲነሱ የከተማው ጄኔሬተር ይጠፋል፤ ያኔ ትውልዱ ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

«ዛሬስ ስንተኛው ትውልድ ላይ ደረሱ?» ይላሉ አያ ኪሮስ።

«አለቁ አቦይ።»

«ነፍስ ይማር።» ይህን ብለው እውነትም ያማትባሉ።

በሰኔ መጨረሻ አቶ አለነ ሁላችንንም ሰብስበው ደብዳቤ አነበቡ። አምደወርቅ ላለ ትምህርት ቤት ሁለት መቶ ዴስክ ይሠራል፤ ትምህርት ሲከፈት ክፍል ውስጥ መገኘት አለበት። ተማሪዎቹ ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጡት። ዴስኩ ካልደረሰ ግን ወርክሾፑ ተዘግቶ የዋግ ትእዛዝ በሙሉ ትልቅ ከተማ ላለ ፋብሪካ ይሰጣል።

«ሌላም አለ» አሉ አቶ አለነ። «ዋናው መሥሪያ ቤት በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ብቻ እንድንሠራ አዟል። ፕሮግራሙ ወጥቶ እኔ ከፈረምሁበት በኋላ ውልፍት የለም። ሽቦው ከግድግዳ ይውረድ።»

አያ ኪሮስ በኽምጣንጋ አንድ ነገር ተናገሩ። አቶ አለነ «አሜን» አሉ።

በማግስቱ ትርሐስ መረጃ ልትሞላ ተቀመጠች። አያ ኪሮስ ጣውላ ሊረከቡ ወጥተዋል። አቶ አለነ ግን አጠገባችን ወንበር ይዘው፣ የዘመናዊነት መወለድ እንዳያመልጣቸው አፍጥጠዋል። እኔ መዝገቦቼን አቀረብሁ። አንዱ መብራት የጠፋበትንና የበራበትን የያዘ፣ አንዱ ሰውና ሥራን የያዘ። ትርሐስ ሁሉንም አስገባች። ከዚያ ከወረዱት ሽቦዎች አንዱን አነሳችና ባዶዋን ቆርቆሮ በጥፍሯ መታ መታ አደረገች።

«እነዚህስ ምንድን ናቸው?»

አቶ አለነ ዘወር ብለው አዩኝ።

እውነቱን ብናገር የአሥር ዓመት መዝገቤ እዚያው ይፈርሳል። ባልናገርስ? በዓሉን የማያውቅ ማሽን አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ብየዳ በበዓል ቀን ይጥልብናል፤ እኔ ነኝ ሞላ፣ እንደ ልማዴ አሸጋሽጌ እሸፍነዋለሁ። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው።

«ማስጌጫ ናቸው» አልኋት።

ፕሮግራሙ ወጣ፤ አቶ አለነ ፈረሙ፤ ማኅተም መቱ፤ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አያ ኪሮስ መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡት። ሐምሌ አምስት ብየዳ። ሐምሌ ሰባት ብየዳ። አሥራ ሁለት ብየዳ። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ፤ ብየዳ፣ ብየዳ፣ ብየዳ። በቀሩት ቀኖች እንጨት ብቻ።

«ሞላ» አሉኝ፣ «ይኼ ማሽን የት ደብር ነው የተማረው? አንድም በዓል አላመለጠውም እኮ!»

ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ከቆቡ የወጣልኝ ግን ጥቁሩ ጠጠር ነበር። አንድ ሁለት ቀን ይነካል ያልሁት ማሽን በዓሉን ሁሉ እየፈለገ ብየዳ የሚከምርበት ምክንያት አልገባኝም። ያኔ አፌን ከፍቼ ብናገር ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ያልቅ ነበር። ግን ማኅተም የተመታበት ወረቀት ነው፤ ምክንያቱን ልናገር ብል የምናገረው ስለ ራሴ ነው።

ስለዚህ መሸፈን ጀመርሁ። ሐምሌ አምስት በያጃችን ደባሽ ነጠላውን እንዳጣፋ መጣ፣ ፈረመ፣ መጥረጊያ ያዘ። ሐምሌ ስድስት በስውር «ደባሽ፣ የትናንቱን ዛሬ ሞክር» አልሁት። ብየዳውን ሲያስነሳ ወፍጮዎቹም ተነሱ፤ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ሞተ። ሐምሌ ስምንትም እንዲሁ። እንጨት ክፍሉ ግን በፕሮግራሙ መሠረት እየበረረ ነው፤ መብራት ቢጠፋ በእጅ መላጊያ ይቀጥላላ። መቀመጫና መደገፊያው በኮላ ተጣብቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ ይወጣል፤ የሚታሠርበት የብረት እግር የለም። መጋዘኑ ባልተበየደ የቱቦላሬ ብረት ሞልቷል። መቀመጫዎቹን ግቢ ውስጥ ደርድሬ ሸራ አለበስኋቸው።

«ሞላ፣ ሐምሌ ነው» አሉኝ አያ ኪሮስ።

«ፕሮግራሙ እንዲያ ይላል አያ» አልኋቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ከተናገርሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ጠዋት፣ ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ያ የተፈራው ዝናብ ወረደ። በረዶው የዶሮ እንቁላል ያህላል ብል ዶሮዋ ትቀየመኛለች፤ ከዚያ ይበልጥ ነበር። ስንመለስ ሸራው ተቀዶ መሬት ተኝቷል፤ መቀመጫዎቹ በጎርፉ ላይ እንደ ዳክዬ ይንሳፈፋሉ። ነጭ የለበሰ አርባ ሰው በር ላይ ቆመ። ማንም አልገባም። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ እንጨት ማንሳት ሥራ ነው ወይስ አይደለም? ሁሉም አያ ኪሮስን ያያል።

አያ ኪሮስ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ። «በሬ ገደል ቢገባ ልታወጡት ነገን ትጠብቃላችሁ? ግቡ!»

ገባን። በነጭ ልብስ፣ እስከ ጉልበት ጭቃ ውስጥ፣ አንድ ባንድ አወጣናቸው። ኮላው ለቅቋል። ጣውላው ተጣሟል፤ አንዳንዱ ለዴስክ ሳይሆን ለጀልባ ይሆናል። መንገዱ ተቆርጧልና ሌላ ጣውላ አይመጣም። ሩቡ ያህል ጠፋ።

ትርሐስ እንደ ረጠበች ወደ ቢሮ ገባችና መዝገቦቼን ይዛ ወጣች። «ሞላ፣ እዚህ ና። በመዝገብህ በአምስት፣ በሰባት፣ በአሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድ መብራት ጠፍቶ አያውቅም። በአሥር ዓመት አንድ ቀን እንኳ! ማሽኑ እነሱን ቀኖች የወደዳቸው ለዚህ ነው። ለምንድን ነው የማይጠፋው?»

አያ ኪሮስ ከጀርባዋ መለሱላት። «በበዓል እህል የሚያስፈጭ የለማ። ወፍጮዎቹ ይቆማሉ፣ ጄኔሬተሩ ያርፋል።»

«እሺ፤ ግን እኮ ሰዉ ሙሉ ቀን ሠርቷል ይላል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ሞላ?»

አቶ አለነም ነበሩ። አርባው ሰውም ነበር።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «ውሸት ነው። በበዓል ማሽን ነክተን አናውቅም። ባዶዎቹ ቆርቆሮዎች የበዓል ቀኖች ናቸው።»

«ለስንት ጊዜ ነው እንዲህ የጻፍኸው?» አሉ አቶ አለነ።

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

«አሥር ዓመት?!»

«ጳጉሜን ሳይጨምር» አልሁ፤ አመል ነው። የሳቀ የለም።

ትርሐስ ራሷን ያዘች። «ማሽኑ እኮ አልተሳሳተም። መብራት ያለበትንና ሰው የማይቀርበትን ቀን ፈልግ አልነው፤ ፈልጎ አገኘ። የሰጠኸውን ነው ያመነው።»

አያ ኪሮስ ወደ እኔ ቀረቡ። «ማስጌጫ ናቸው አልህ?» አሉኝ፣ በአማርኛ፣ በለሆሳስ። በኽምጣንጋ ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ ነበር!

አቶ አለነ ቢሮ አስገብተውን በሩን ዘጉ። መዝገቡ ከታረመ ዋናው መሥሪያ ቤት ያየዋል፤ ካየው እሳቸውንም ይዞ ይወርዳል። ካልታረመ ማሽኑ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በየበዓሉ ብየዳ ሲያዝ ይኖራል፤ ዴስኩ አይደርስም፤ ወርክሾፑ ይዘጋል። ማኅተሙን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። በመጨረሻ «በማን ፊርማ ነው የሚሄደው?» አሉ።

«በእኔ» አልሁ። «አባብዬ ግን አልጽፍም።»

ሁለት ቀን ሙሉ አረምነው። አያ ኪሮስ የየዓመቱን በዓል፣ ተዘዋዋሪውን ሳይቀር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ይጠራሉ፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ «ሙሉ ቀን ተሠርቷል» የሚለውን እየሰረዝሁ «በዓል፤ ማሽን አልተነሳም» እጽፋለሁ። ገጹ ኩፍኝ የወጣበት መሰለ። ለዋናው መሥሪያ ቤት የሸኚ ደብዳቤ ጻፍሁ፦ «ሲጻፍ የኖረው ሐሰት ነው፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሠራተኛው አያውቅም። በእነዚህ ቀኖች እሳት አንለኩስም። ወደ ፊትም አንለኩስም። ዴስኩ ግን ይሠራል።» አቶ አለነ አንብበው «ይኼ ይቅርታ ነው ወይስ ዛቻ?» አሉኝ። «ፕሮግራም ነው» አልኋቸው። ማኅተሙን መቱበት። ያን ቀን ወደድኋቸው።

ትርሐስ ባዶ ቆርቆሮዎቹን ማሽኑ ውስጥ አስገባች። ሌላም ነገር ቀየረች። መጀመሪያ ማሽኑ እያንዳንዱን ፕሮግራም የሚመዝነው በአማካይ መብራትና በአማካይ መንገድ ነበር። «አማካይ ሐምሌ የሚባል አይቼ አላውቅም» አሏት አያ ኪሮስ፣ ቆባቸውን አውልቀው ጠረጴዛዋ ላይ እየዘረገፉ። ጠጠሩ ኪቦርዱን ሞላው። ገባት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከመዝገባችን በዕጣ በወጡ መቶ ክፉ ሳምንቶች ውስጥ እያለፈ መፈተን ጀመረ። ቶሎ የሚጨርሰው ቀርቶ በክፉው ሳምንት የማይወድቀው ተመረጠ። የመጀመሪያዎቹን ወላጆች ደግሞ በዘፈቀደ አልሞላችም፤ አያ ኪሮስ ከምስማር ያወረዷቸውን ሽቦዎች አንድ ባንድ አነበቡላት። ማሽኑ ያመጣው አዲስ ፕሮግራም የሽቦውም የኮምፒውተሩም ልጅ ነበር። ብየዳው ተበታተነ፤ ገና ማለዳ፣ ወፍጮዎቹ ሳይነሱ፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት። መቀመጫ የሚጣበቀው እግሩ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ብቻ። ግቢ ውስጥ የሚያድር ነገር የለም።

ሰዉ አብሮን ሮጠ። ደባሽ በነሐሴ ጾም፣ ሆዱ ባዶ፣ ፀሐይ እስክትወጣ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ጣውላ ሲያልቅ ደግሞ የራሳችንን ወርክሾፕ መብላት ጀመርን። የሥራ ጠረጴዛዎቹ ሄዱ፣ መደርደሪያው ሄደ፣ የዕቃ ቤቱ በር ሄደ። ያም አልበቃ ሲል ሁላችንም የአቶ አለነን የስብሰባ ጠረጴዛ ማየት ጀመርን። ጥሩ ዋንዛ ነው፣ ረዥም።

«እንዳታስቡት» አሉ አቶ አለነ።

«እኛ አላሰብንም» አልኋቸው። «ኮምፒውተሩ ነው ያሰበው።»

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት መኪናው አምደወርቅ ገባ። እኔም ከጭነቱ ላይ ነበርሁ። ክፍል ለክፍል አስገባን፤ ልጆቹ ሲቀመጡ የተወለወለውን እንጨት በእጃቸው ያሻሹ ነበር። አምስተኛ ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪ የአቶ አለነ ጠረጴዛ በነበረው ዴስክ ላይ ተደግፋ አየኋት፤ የማኅተም ቀለም ጠብታ ገና አልለቀቀውም። ደስ አለኝ፣ ሞልቶ ፈሰሰልኝ። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ወደ መጨረሻው ክፍል ወሰዱኝ። አንደኛ ክፍል። ዴስክ አልደረሳቸውም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጎርፉ ነው አሉ» አሉኝ ርእሰ መምህሩ፣ እያጽናኑኝ።

«አይደለም» አልኋቸው። «እኔ ነኝ።»

ለነሱ የሚሆነውን ለጥር አደረስን። አራት ወር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ብዙ ነገር አጋንናለሁ፤ ይህን ግን አላጋነንሁም፣ አላሳነስሁምም።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ደብዳቤ ባንድ ፖስታ መጣ። አንዱ ለእኔ የተጻፈ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ለወርክሾፑ የተላከ አዲስ ትእዛዝ ነው፤ የሰሃላ ትምህርት ቤት ዴስክ። ስለ በዓሉ አንድም ቃል የለውም። ሠራተኛውንም የቀጣ የለም። ሽቦው ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ ኮምፒውተሩና ሽቦው ፊት ለፊት ተቀምጠው ኖሩ። መብራት ሲጠፋ በሽቦው፣ ሲመጣ በኮምፒውተሩ ሠራን። ትርሐስ በዓመቱ ወደ ማስተማር ሄደች። አያ ኪሮስ ጡረታ ሲወጡ ባዶ ቆርቆሮ የበዛበትን አንድ ሽቦ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና «ማስጌጫ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ደብዳቤው በሃያ አንድ አስረክብ አለኝ። ሄድሁ። የፊርማ መዝገቡ ላይ ፈረምሁ። አዲሱ የንብረት ኃላፊ፣ የሠላሳ ዓመት ሰው፣ ክራቫት ያሠረ፣ ቅጹን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

«ጋሽ ሞላ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ፤ ኮምፒውተር አንድ፣ ጠረጴዛ አንድ፣ መዝገብ አሥራ ሰባት። የሥራ መደብ የሚለውን ባዶ ይተዉት፤ የለም ብለዋል።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ሃያ አንድ።»

«ማን ናት?»

ግራ ገባው። ከወርክሾፑ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል፤ ማሽን ጸጥ ብሏል። ደባሽ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ነጠላ አጣፍቶ በር ላይ ቆሞ ይሰማናል።

«ማርያም ናት» አለው ደባሽ።

የመጨረሻውን መዝገብ ገለጥሁና በዕለቱ መስመር ላይ በደማቁ ጻፍሁ፦ «ማርያም። መጥቻለሁ፤ አልሠራሁም። ርክክቡ ለነገ ተላልፏል። ሞላ፣ የምርት ፕሮግራም አውጪ።»

ሰውዬው አንብቦ «መደቡን ጽፈውታል እኮ» አለኝ።

«አዎ» አልሁት። «ይህ መዝገብ ውሸት መያዝ ከተወ ቆይቷል።»

ከዚያ መጥረጊያ ይዤ ወደ ደባሽ ሄድሁ።